የሳሮን ግራ እጅ

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይባርካችሁ። እኔ ከማይክ የምሸሽ ሰው ነኝ። አብራችሁኝ የምትሠሩ ታውቃላችሁ፣ ስብሰባ ሲጠራ ዕቃ የማነሣበት ፎርክሊፍቴ ላይ ወጥቼ መጋዘኑ ጥግ የምሰወር ነኝ። ዛሬ ግን ማንም ሳይገፋኝ፣ ራሴ ጠይቄ ነው የቆምኩት። ጌታ ለልጄ ያደረገውን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። መሪዎቻችን አጭር ጊዜ ነው የሰጡኝ፤ ካሳለፍኩ ታገሡኝ፣ እኔም የእናንተን ስንት ታግሻለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ዮናስ እባላለሁ። ሆፐርስ ክሮሲንግ ሰፈር ነው የምንኖረው፣ ሥራዬ ዲር ፓርክ መጋዘን ውስጥ ነው። ባለቤቴን ሰላምን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ ኳየር ውስጥ ታገለግላለች፤ አሁን ልጃችንን ይዛ ኋላ ተቀምጣለች። ከጎኗ ነጠላ የለበሱት እናት አክስቴ ናቸው፣ እትዬ አስካለ። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ። በሱዳን በኩል ተሰድደው እዚህ አገር ሲደርሱም አልረሱኝም፣ ወረቀት ሞልተው አስመጡኝ። ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ዛሬም አስቀድሰው ነው ከሰንሻይን ዌስት የመጡት። እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡልኝ።

ወገኖቼ፣ ሰላም ጌታን ታውቅ ነበር፤ እኔ አላውቀውም ነበር። እግዚአብሔር የለም አላልኩም። አለ፣ ግን ከኔ ጋር ጉዳይ የለውም ነበር ሐሳቤ። እሠራለሁ፣ የቤት ሬንት እከፍላለሁ፣ ሰው አልበድልም፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል እል ነበር። እሑድ እሑድ ሰላምን አድርሼ እዚህ ፓርኪንግ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ኳስ አዳምጣለሁ። ጋሼ በቀለ ሻይ ይዘውልኝ ይወጡ ነበር። አንድ ቀን እንኳ "ግባ" ብለውኝ አያውቁም። "ስንት ለስንት ናቸው?" ብለው ጠይቀውኝ ይመለሳሉ። ጌታ ይባርክዎ፣ ጋሼ፤ "ግባ" ቢሉኝ ኖሮ መኪናዬን አስነሥቼ እሄድ ነበር።

ከዚያ ሳሮን ተወለደች። ደህና ሆና፣ አልቅሳ ነው የተወለደችው። በማግሥቱ ሰላም አቅፋት ሳለች ግራ እጇ ይርገበገብ ጀመር። ቆም ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል። እትዬ አስካለ "ስቅታ ነው፣ ይለቃታል" አሉ። ሰላም ግን "እጅ ላይ የሚወጣ ስቅታ የት አይተው ያውቃሉ?" ብላ ነርሷን ጠራች። ያቺ ነርስ አንድ ጊዜ አይታ ፊቷ ተለወጠ። ወዲያው ልጃችንን ወሰዷት፣ መድኃኒት ሰጧት፣ ጭንቅላቷን ኤምአርአይ አነሷት።

ሐኪሙ ለብቻችን አስቀመጠንና "ስትሮክ ነው" አለን። እኔ ስትሮክ የሚመታው ሽማግሌ ነው ብዬ ነው የማውቀው። "ትናንት የተወለደ ልጅ ስትሮክ ይመታዋል?" አልኩት። "አንዳንዴ አዎ" አለኝ። "በቀኝ በኩል ያለው የአእምሮዋ ክፍል ደም ሳይደርሰው ቆይቶ ተጎድቷል። እናንተ ያጠፋችሁት ነገር የለም።" ወደፊት ምን ትሆናለች ብለን ስንጠይቀው "ገና አናውቅም፣ በቅርብ እንከታተላታለን" አለን።

እኔ የሰማሁት የፈለግሁትን ብቻ ነው። መርገብገቡ ቆመ፣ ጡት ያዘች፣ ቤት ገባች። ተረፈች፣ በቃ አለቀ አልኩ። ሰላም ተንበርክካ "ጌታ ሆይ፣ ያለውን አሳየን" ብላ ስትጸልይ እሰማታለሁ። ምን ቀርቶ ነው የሚያሳየን እያልኩ በልቤ እታዘባት ነበር።

ሦስት ወር ገደማ ሲሆናት ከሆስፒታሉ ቪዲዮ ላኩልን አሉ። ልጅቷ በጀርባዋ ትተኛ፣ ልብሷ ቀለል ይበል፣ ነቅታ፣ ሳታለቅስ በስልካችሁ ቅረጿት አሉን። ማንም አያናግራት፣ ማንም አያጫውታት፣ አሻንጉሊትም አይሰጣት። እስቲ ፍረዱኝ፣ ሐበሻ ቤት ውስጥ ሕፃን ተጋድማ ዝም ትባላለች? እትዬ አስካለ ያን ቀን እኛ ቤት ነበሩ። "ልጅ እንደ ዕቃ ዝም ተብላ ትታያለች እንዴ?" አሉ። መቅረጽ ስጀምር "የኔ ጌጥ፣ የኔ እመቤት" ብለው ገቡበት። እንደገና ስጀምር ደግሞ "እግሯን በረዳት" ብለው ጋቢ ጣል አደረጉባት። በመጨረሻ ልብስ እንዲያጥፉልን ብለን ሌላ ክፍል ሸኘናቸው። እዚያ ሆነው ሲያንጎራጉሩ ሳሮን አንገቷን ወደ ድምፃቸው አዙራ ትስቅ ጀመር። እንዴትም እንዴትም ብለን ቀረጽንና ላክን።

ኋላ እንደነገሩን፣ ሕፃን በዚያ ዕድሜ ማንም ሳይነካው የእጁ አንጓ፣ ቁርጭምጭሚቱ፣ አንገቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ክብ ክብ ይንቀሳቀሳል። እኛ በየቀኑ እያየነው ልብ የማንለው ነገር ነው። እነሱ ግን እሱን ለማየት የተማሩ ናቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ደወሉና "በቀኝ በኩል አለ፣ በግራ በኩል ግን የምንፈልገውን አላየንም፤ አምጧትና እንመርምራት" አሉን። አፖይንትመንት ያዝን። እኔ አሁንም አልደነገጥኩም። ቪዲዮው ስለተበላሸ ነው፣ እትዬ ስለረበሹ ነው አልኩ።

አሁን የምነግራችሁን ጥሞና ሰጥታችሁ ስሙኝ፣ ምክንያቱም የብዙዎቻችን ቤት ነገር ነው። ቀጠሮው ሳይደርስ ሳሮን ዕቃ መያዝ ጀመረች። ቤታችን ሰው ጠርተን ምሳ እየበላን ሁሉም ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ ያገኘውን ይሰጣታል፤ ሁሉንም የምትቀበለው በቀኝ እጇ ነው። "እዩዋት ጨዋነቷን፣ በቀኟ እኮ ነው የምትቀበለው!" ተባለ። ሰው ሁሉ ሳማት። እትዬ አስካለ ደግሞ "ተመስገን፣ እንደ አባቷ ግራኝ አልሆነችም" አሉ። እኔ በልጅነቴ ግራኝ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ተመትቼበታለሁ፤ ቤት ደግሞ እትዬ ማዕድ ስንቀርብ ግራ እጄን በሻሽ ከወገቤ ጋር አስረው በቀኜ ያበሉኝ ነበር። ክፋት አይደለም፣ በሰው ፊት እንዳላፍር ብለው ነው። ስለዚህ ልጄ ማንም ሳያስተምራት በቀኟ ስትይዝ እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ። ቀርጬ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ሁሉ ላክሁ።

የቀጠሮው ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ ምንጣፍ ላይ ከሳሮን ጋር ተቀምጣ "እጆቿን እንዴት ትጠቀማለች?" አለች። ሰላም አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩ። "በጣም ጎበዝ ናት፣ በቀኟ ብቻ ነው የምትይዘው" አልኳት።

"በቀኟ ብቻ?" አለች።

"ብቻ። በግራዋ ነክታ አታውቅም" አልኩ እየሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። ወደኔ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። "በዚህ ዕድሜ ልጅ ቀኝም ግራም የለውም። በሁለቱም ነው የሚይዘው። አንዱን ብቻ ከያዘ፣ ሌላው ስለተቸገረ ሊሆን ይችላል።" ከዚያ የሳሮንን ግራ እጅ አነሣች። ጭብጥ ብላለች፣ አውራ ጣቷ በውስጥ ታጥፏል። እኔ ይህን ጭብጥ በየቀኑ ስስመው የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አንድ ቀን አላየሁትም።

ሐኪሟ መጣች፣ እሷም ረጅም ጊዜ ወስዳ መረመረቻት። ከዚያ ኤምአርአዩን፣ ቪዲዮውንና ምርመራውን አንድ ላይ አድርገን ስናየው፣ ልጃችሁ ሴሬብራል ፖልሲ፣ ማለት ከአእምሮ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፣ ሊኖርባት የሚችልበት ዕድል ከፍተኛ ነው አለችን።

ወገኖቼ፣ ስሙን ስሰማ የመጣብኝ አንድ ቤት ነው። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ በሩ ሁልጊዜ ገርበብ የሚል ቤት ነበረ፣ ውስጥ ልጅ አለ ይባላል። ድምፁን እንሰማለን፣ መልኩን ግን ማናችንም አይተን አናውቅም። እናቱ ውሃ ስትቀዳ እንኳ ቀና ብላ ሰው አታይም። ልጄ እዚያ ቤት ገብታ በሩ የተዘጋባት መሰለኝና ተቆጣሁ። "ገና አምስት ወሯ ነው! ለምን ዛሬ ትነግሩናላችሁ? ሁለት ዓመት ይሙላት፣ ካልሄደች ያኔ ንገሩን" አልኳት።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። "ድሮ እንደዚያ ነበር የምናደርገው" አለች። "እስኪደርሱ እንጠብቅና፣ ሳይሄዱ ሲቀሩ እንናገር ነበር። ግን አእምሮዋ አሁን ነው በጣም የሚማረው። ዛሬ የነገርኳችሁ ዛሬውኑ ሥራ እንድንጀምር ነው።"

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን አስነሥቼ መንዳት አቃተኝ። ሰላም እያለቀሰች ነበር፣ ግን ድምጿ የተረጋጋ ነበር። "ዮኒ፣ እኔ ጌታን ደብቅልኝ ብዬ አልለመንኩትም፣ አሳየኝ ነው ያልኩት" አለችኝ።

"ያሳየሽ ታዲያ ይሄን ነው?" አልኳት።

"አዎ። ይሄን ነው። ሳይረፍድ አሳየኝ።"

ያኔ ማርሽ አስገብቼ መንዳት ጀመርኩ። ዛሬ ግን እመልስላታለሁ፦ እውነትሽን ነው ሰላሜ፣ ስሙ ይባረክ።

ሥራ ጀመርን። ሥራው ምን መሰላችሁ? ቀኝ እጇ ላይ ትንሽ ለስላሳ ጓንት ታጠልቃላችሁ። ያ ጎበዙ እጅ ጥቂት ይረፍ፣ ሰነፉ ይሥራ ነው ነገሩ። ከዚያ በግራ በኩል እየሆናችሁ ታጫውቷታላችሁ፣ በየቀኑ፣ ሳትሰለቹ፣ እየሳቃችሁ። እትዬ አስካለ ጓንቱን መጀመሪያ ሲያዩ ቀኝ እጅ ተሸፍኖ ግራ ክፍት መሆኑ ግራ ገባቸው። ነገርኳቸው። ቁጭ አሉ። ረጅም ጊዜ እጄን ያዙኝ፣ ግራዬን። "ያኔ የአንተን ግራ አሰርኩ፣ ዛሬ ደግሞ የልጅህን ቀኝ እሰሪ አሉኝ" አሉ። እንባቸው ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጓንቱን እንደሳቸው የሚያጠልቅላት ሰው አልተገኘም።

ሰላም መጀመሪያ ለአንድ ሁለት እህቶች ነግራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሰው አልተናገርንም። እንዳትቀየሙኝ፣ በፍቅር ነው የማወራችሁ፤ ከመካከላችን ሰላምን "የሐኪሙን ቃል አትቀበዪው፣ የበሽታውን ስምም በአፍሽ አትጥሪው" ያሏት ነበሩ። ቀና ልብ ነው ያናገራቸው። ሰላም እናንተን እንዳታስቀይም ዝም አለች፣ እኔ ደግሞ ያ ገርበብ ያለ በር ትዝ እያለኝ ዝም አልኩ። ሰው ሲመጣ ጓንቱን አውልቀን ኪሳችን እንከታለን።

አንድ እሑድ ሰላም እዚህ ውስጥ እየዘመረች እኔ ከሳሮን ጋር መኪና ውስጥ ነበርኩ። የዕለቱን ልምምድ እዚያው ልጨርስ ብዬ ጓንቱን አጠለቅሁላትና ቀይ መጫወቻ በግራዋ በኩል ያዝኩላት። ትከሻዋን ትገፋለች፣ ክንዷ ይመጣል፣ ጭብጧ ግን አይፈታም። መጫወቻው ይወድቃል። ታየኛለች። ደግማ ትሞክራለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አታለቅስም፣ ዝም ብላ እንደገና ትሞክራለች። ወገኖቼ፣ እኔ በማሽን ስንት ቶን ሳነሣ የምውል ሰው ነኝ። ያቺን የጥፍር ያህል ጣት መክፈት አልቻልኩም። ያኔ ነው አፌ "ጌታ ሆይ፣ እኔ አልችልም" ያለው። ማንም አልሰበከኝም። ሬዲዮው ኳሱን እያስተላለፈ ነው፣ ማን እንዳሸነፈ ዛሬም አላውቅም። ልጄን አቅፌ ገባሁ።

በዚህ በር ነው የገባሁት። ጋሼ በቀለ ወንበር ለቀቁልኝና ሳሮንን አይተው "እጇን ምን ሆና ነው የሸፈናችኋት?" አሉኝ። ጓንቱን ማውለቅ ረስቼዋለሁ። ቆምኩና "ሴሬብራል ፖልሲ አለባት፣ ግራ እጇ አልሠራም ብሎ ነው" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት እህት "አትበል ወንድሜ፣ እንዲህ አትበል" አለችኝ። ጋሼ በቀለ ግን "ይበል፣ ይናገር" አሉ። "ጌታ የማያውቀው ስም ነው እንዴ? ስሙን ጠርተን እንጸልይላታለን።"

ያን ቀን ተሰብስባችሁ እጃችሁን ጫናችሁ። ግራ እጇን ነው የያዛችኋት፣ በየጣቷ ጸለያችሁላት። ሰላም ከኳየሩ መካከል ወርዳ ስትመጣ አያታለሁ። እኔም ያን ቀን ሕይወቴን ለኢየሱስ ሰጠሁ። ሃሌሉያ፣ ክብር ለስሙ ይሁን።

ያን ቀን እጇ ተከፈተ ብዬ አልዋሽላችሁም፤ አልተከፈተም። የኔ አፍ ነው የተከፈተው። ሰኞ ሥራ ቦታ ለአለቃዬ ነገርኩት፤ የቴራፒዋን ቀን ሳልቀር እንድወስዳት ሺፍቴን ቀየረልኝ። ለጎረቤት ነገርኩ፣ ለአዲስ አበባ ዘመዶች ነገርኩ። እናንተ ደግሞ ተራ ገብታችሁ ቤታችን እየመጣችሁ በግራ በኩል ሆናችሁ አጫወታችኋት። ይህ ጉባኤ ጓንት ማጥለቅ የተማረ ጉባኤ ነው፣ ጌታ ይባርካችሁ።

ከዚያ አንድ ቀን እትዬ ቤት ሄደን፣ እትዬ ጎንበስ ብለው ሳሮንን ሊስሟት ሲሉ እሷ የራስ ሻሻቸውን ጫፍ ያዘች። በግራዋ። ጣቶቿ አንድ በአንድ ተከፍተው፣ መልሰው ታጥፈው ያዙት። ልጮህ ስል እትዬ "ዝም በል፣ እንዳታስለቅቃት" አሉኝ በሹክሹክታ። ወገባቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ። እንደጎነበሱ ቀሩ፣ ሻሹ ከራሳቸው እየተንሸራተተ፣ እሷ ራሷ እስክትለቅ ድረስ ንቅንቅ አላሉም። ሰላም አፏን ይዛ ታለቅሳለች፣ እኔ መሬት ተቀምጫለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያቺን ቀን አልረሳትም።

አሁን አራት ዓመቷ ነው፣ ኪንደር፣ መዋዕለ ሕፃናት ትሄዳለች። ሴሬብራል ፖልሲዋ አልጠፋም። ሐኪሟም አልጠፋም ትላለች፣ እኔም አልጠፋም እላለሁ፣ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ጌታን አላከብረውም። ጫማዋ ውስጥ እግሯን የሚደግፍ ፕላስቲክ ታደርጋለች፣ ግራ እጇ ቁልፍ መቆለፍ ይቸግረዋል። ግን ዳቦዋን በግራዋ ይዛ በቀኟ ማር ትቀባለች፣ እኔን ደግሞ በሁለቱም እጇ ታቅፈኛለች። ሁለት ዓመት እስኪሞላት ብንጠብቅ ኖሮ ይህን ያህል አናገኝም ነበር ብላናለች ሐኪሟ። ስለዚህ እኔ ፈውስ የምለው ከዚያ ከኤምአርአዩ ይጀምራል። እጇ ሲርገበገብ ሰላም ዝም እንዳትል ያደረገ ጌታ ነው። በዚያ በተረበሸ ቪዲዮ ውስጥ የሚያይ ዓይን ያዘጋጀ ጌታ ነው። ስሙ ይባረክ።

እዚህ ሕፃን የያዛችሁ ወላጆች፣ እለምናችኋለሁ። ልጃችሁ ሲወለድ ችግር ገጥሞት ከነበረ፣ ወይም አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ ጭብጡ የማይፈታ ከሆነ "ሲያድግ ይለቀዋል" ብላችሁ አትቀመጡ። የቤተሰብ ሐኪማችሁ፣ ጂፒያችሁ ጋ ሂዱ፣ አስመርምሩ፣ ስሙን ለመስማት አትፍሩ። ምናልባት ምንም አይሆንም፣ ደስ ብሏችሁ ትመለሳላችሁ። ሆኖ ቢገኝም በሩን አትዝጉ፣ ንገሩን፣ ተራ ገብተን እንመጣለን። ጌታን ገና ያላወቃችሁ ደግሞ፣ እንደኔ ሁሉን በራሴ እችላለሁ የምትሉ፣ አልችልም ማለት አያሳፍርም። እሱን ታመኑት። እኔ ታመንኩት፣ አላሳፈረኝም።

አሁን ልቀመጥ ነው። ይኸው፣ ስሟን ስጠራ ሰምታ ከእናቷ ጭን ወርዳ መንገድ ጀምራለች። "ዳዲ፣ አይ አም ካሚንግ" ትላለች። እሺ፣ ነይ የኔ ልጅ። ወንድም አሸናፊ፣ ልታቅፋት ስትነሣ አይቼሃለሁ፣ ተቀመጥ። ራሷ ትመጣለች። አታጨብጭቡ፣ ስትደነግጥ ትወድቃለች። ከዚያ እዚህ ድረስ ጊዜ ይወስድባታል። እባካችሁ፣ ዝም ብለን እንጠብቃት።